የተለማማጆቻችንን ወንበር መልሱልን

ለቱሪዝምና ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ «የፈጠራ ቱሪዝም» መመሪያ በእጅ ሙያችን ላይ ያደረሰውን ጉዳት ስለማሳወቅና እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎች፣ እንጨት ጠራቢዎችና ቅርጫት ሰፊዎች ነን። ሙያችንን ለማየትና ለመማር የሚመጣ እንግዳ መቀበል ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ከእናንተም ጋር የተዋወቅነው በዚሁ ነው። ቅሬታችንን በስብሰባ ተናግረናል። በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ እዚያው ቀረ። ስለዚህ አሁን በአደባባይ ልንጽፍ ወሰንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው የጎብኚዎች ወቅት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ መመሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘን። ርዕሱ ስለ ፈጠራ ቱሪዝም፣ ማለትም ጎብኚው አይቶ ብቻ ከመሄድ ይልቅ ሙያውን እየሠራ ስለሚማርበት ጉብኝት፣ መስፋፋት ያወራል። ውስጡ ሦስት ውሳኔዎች አሉ። በየቤታችንና በየሥራ ቦታችን የምንሰጠው ትምህርት ወደ አንድ አዲስ ማዕከል ይዛወራል። አንድ ትምህርት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ለተለማማጆቻችን ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ደግሞ ለ«ጎብኚ ተኮር ሥልጠና» ይውላል። ይህ ሁሉ ሲወሰን ከመካከላችን አስተያየቱን የተጠየቀ አንድም ሰው የለም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ግልጽ ይሁን። እንግዳ አይምጣብን አላልንም። እንግዳ ባይመጣ ኖሮ ከመካከላችን ሙያውን ጥሎ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ብዙ ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የማያውቅህ ሰው ከሩቅ መጥቶ እጅህን በአድናቆት ሲያይ ደስ ይላል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። እንግዳው የሚማርበት ሰዓት የተለማማጁን ሰዓት በላው። የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

የፈጠራ ቱሪዝም የሚለው ስም ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ መመሪያው ስሙን ስለያዘ ማንሳት ግድ ሆነብን። ስሙን ያወጡለት ግሬግ ሪቻርድስ እና ክሪስፒን ሬይመንድ የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ በ2000 (በዚህ ደብዳቤ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሐሳቡ ግን ቀድሞ ተፀንሷል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሪቻርድስ ዩሮቴክስ በሚባል ፕሮጀክት ውስጥ ይሠራ ነበር። የፕሮጀክቱ ዓላማ በፊንላንድ፣ በግሪክና በፖርቱጋል ያሉ የጨርቃ ጨርቅ እደ ጥበበኞችን ሥራ በቱሪዝም መደገፍ ነበር። እዚያ የታየው ነገር ቀላል ነው። ጎብኚው ዕቃውን መግዛት ብቻ አይበቃውም። እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይፈልጋል፤ ከተፈቀደለትም እጁን ማስገባት። ልብ በሉልን፣ የነገሩ መነሻ ሠሪው ነው። ጎብኚው የመጣው ሠሪውን ለማቆየት ነው።

ሬይመንድ በ2003 በኒውዚላንድ ኔልሰን ከተማ ሐሳቡን ሥራ ላይ ሲያውለው የአካባቢው ባለሙያዎች ለጥቂት ጥቂት ሰዎች በየሙያቸው አጫጭር ትምህርቶችን ይሰጡ ነበር። አጥንት መቅረጽ አንዱ ነበር። ዩኔስኮም በ2006 አሜሪካ ሳንታ ፌ ላይ በተደረገ ስብሰባ ለነገሩ ትርጉም ሲሰጥ፣ ጎብኚው በመሳተፍ እንዲማርና ያንን ሕያው ባህል ከሚፈጥሩት ነዋሪዎች ጋር እንዲገናኝ የሚል ሐሳብ አስገባ። መሳተፍ፣ መማር፣ መገናኘት። በእናንተ ማዕከል ውስጥ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ማለቅ አለባቸው።

እንግዲህ ስለ አንዱ ሰዓት እንናገር። መመሪያውን ያረቀቀው ሰው ሸክላ ሠርቶ እንደማያውቅ ያስታውቃል። አፈሩ ይቆፈራል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ ውሃ ይጠጣል፤ ያድራል። አንዳንዱ አፈር ሳምንት ይፈልጋል። ብቻውን ከተሠራ እሳት ላይ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይገባበታል። መጠኑ በሚዛን አይታወቅም። በሁለት ጣት መካከል ይታሻል፣ ያኔ ይበቃል ወይም ይቀረዋል ትላለህ። ከዚያ ማቡካት አለ። ውስጡ የአየር ኪስ እንዳይቀር ክንድ እስኪዝል ይቦካል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ያወጣው ሰው አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይደርቅበትና ይሰነጠቅበታል። መጨረሻ ላይ እሳት። ውስጡ እርጥበት የቀረበት ዕቃ ውሃው እንፋሎት ሲሆን ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም አጠገቡ ያሉትን ይዞ ነው የሚሄደው። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ጭቃው ጭቃ መሆኑ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ውሃ ቢገባበት አይሟሟም። ሸክላ የምንለው ያኔ ነው።

ማዕከሉ ውስጥ እሳት ማንደድ ተከልክሏል። ለደኅንነት ሲባል ነው ተባልን። እሺ፣ አዲስ ሕንፃ ነው፤ ይገባናል። ግን ከእሳት በፊት ያለውም የለም። ጎብኚው ሲገባ ጭቃው ቦክቶ፣ ቅርጹ በግማሽ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ግማሹን ማን ሠራው? እኛ፤ ማታ፤ ያለ ክፍያ። እሱ ዳር ዳሩን ያለሰልሳል፣ ሰልፊ ይነሳል፣ ዕቃው በካርቶን ተደርጎ ይሰጠዋል። ያልተተኮሰ ዕቃ ነው።

አንዲት ጎብኚ አገሯ ከገባች በኋላ መልእክት ላከችልን። ማሰሮዋ ውስጥ ውሃ ጨምራ አበባ አስቀመጠችበት። ጠዋት ስትነሳ ጠረጴዛዋ ላይ የጭቃ ኩሬ ተኝቷል፤ መሀሉ ላይ አበባ። ፎቶውን አይተን ስቀናል፤ አንዋሽም። ቀጥሎ ግን አፈርን። ዕቃው ላይ የእኛ ምልክት ነበረበት። ሴትየዋ «እናንተ አገር ሸክላ እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ምን ብለን እንመልስ? መመሪያ ነው እንበላት?

ሽመናው ጋ ደግሞ የባሰ ነው። ድሩን ማድራት ብቻ ቀናት ይወስዳል። እያንዳንዱ ክር ተቆጥሮ፣ በቦታው ተላልፎ፣ ተወጥሮ ይዘጋጃል። ጎብኚው ሲመጣ ይህ ሁሉ አልቋል። መወርወሪያውን አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወረውራል፤ በቃ። የጀማሪ እጅ ስለሆነ ማጉ አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ ሌላው ጋ ይላላል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የጀመርነው። ችግሩ ጨርቁ የሚሸጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማታ ጎብኚዎቹ ከሄዱ በኋላ ሸማኔው ተቀምጦ የቀኑን ሥራ ይተረትራል። አንድ ባልደረባችን «የምከፈለው ለመሸመን ነው ወይስ ለመተርተር?» ይላል። ቀልድ ይመስላችኋል።

በድሮው አሠራር የመጡ እንግዶች እንደዚህ አልነበሩም። ዘጠኝ ቀን የቆየች አንዲት እንግዳ ነበረችን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጭቃ ስታቦካ ነው የዋለችው። በሦስተኛው ቀን ተማረረች፤ በአራተኛው ዝም አለች፤ በስድስተኛው አንድ ጎኑ የተንጋደደ ማሰሮ ሠራች። እሳቱ ዘንድ አብራን አመሸች። ማሰሮዋ ሳይፈነዳ ሲወጣ እንደ ልጅ ዘለለች። ዕቃው ዛሬም ውሃ ይይዛል። ከሄደች በኋላ ሁለት ጓደኞቿን ላከችልን፤ እነሱም የቆዩት ከሳምንት በላይ ነው። በእናንተ የሪፖርት ቅጽ ላይ ግን እሷ «አንድ ጎብኚ» ናት። ማዕከሉ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሚያስተናግደው ሕዝብ ከሷ ጋር ሲወዳደር እሷ ምንም አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ከመካከላችን አንድ አዛውንት ሸክላ ሠሪ አራት ተለማማጆች ነበሯቸው። ዛሬ አንድም የላቸውም። ድጋፉ ሲቋረጥ ሁለቱ ወዲያው ሄዱ። ወጣቶች ናቸው፤ መብላት አለባቸው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ሦስተኛው ማዕከሉ ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው ዩኒፎርም ለብሶ እንግዳ መቀበል፣ ፎቶ ማንሳትና የጎብኚዎችን እጅ ማስታጠብ ነው። ደመወዙ ከእሳቸው ዘንድ ከሚያገኘው ይሻላል። ጭቃ ግን ከነካ ወራት ሆኖታል። አራተኛዋ በጣም ጎበዝ ነበረች። እሳቱን ማንበብ ጀምራ ነበር። ይህን ሙያ የማያውቅ ሰው እሳት ማንበብ ምን እንደሆነ አይገባው ይሆናል። እቶን ውስጥ ያለው ዕቃ መብሰል አለመብሰሉ በቀለሙ ይታወቃል፤ ከጥቁር ወደ ደብዛዛ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ደማቅ። በጭሱ ሽታ ይታወቃል። በድምፅ ይታወቃል። መቼ ማገዶ እንደሚጨመር፣ መቼ እጅህን እንደምትሰበስብ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። አዛውንቱ አጠገብ ብዙ ሌሊት መቀመጥን ይጠይቃል። እሷ ያን ሌሊት አጣች። አዛውንቱ ማታ የጎብኚዎችን ግማሽ ዕቃ ሲያዘጋጁ ያመሻሉ፤ እቶን የሚያነዱት አልፎ አልፎ ነው። እሷም ተስፋ ቆርጣ ወጣች።

እሳቸው ሲያልፉ ምን ይቀራል? ቪዲዮ ይቀራል። በጣም ጥሩ ቪዲዮ ነው፤ በድሮን ጭምር የተነሳ። ጭሱ ከላይ ሲታይ ያምራል። ሽታው ግን የለም።

ላስኮ የሚባለውን የፈረንሳይ ዋሻ ታውቁታላችሁ። በ1940 ተገኘ፤ ከጦርነቱ በኋላ ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1963 ተዘጋ። የዘጋው የጎብኚው ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ የዋሻውን አየር ለውጦ ጥንታዊዎቹን ሥዕሎች ሊያበላሻቸው ጀመረ። ለዋሻ መድኃኒቱ ሰው እንዳይገባ ማድረግ ሆነ፤ በ1983 አጠገቡ ሌላ አምሳያ ተሠርቶ ተከፈተ። የእኛ ቅርስ ግን ተቃራኒ ነው። በር ተዘግቶበት አይድንም። በአምሳያም አይተካም። የሚሞተው ገብቶ የሚቆይ ሰው ሲያጣ ነው። እናንተ እኛን የያዛችሁን እንደ ዋሻው ነው፤ አምሳያውን ሠርታችሁ እዚያ ሰው አስገባችሁ፣ ዋናውን ዘጋችሁት።

ሌሎች ይህን እንዴት እንደያዙት እናንተም አታጡትም። ጃፓን በ1950 ባወጣችው የባህል ሀብት ሕግ መሠረት የእጅና የትዕይንት ጥበብ ሊቃውንትን ትሰይማለች፤ ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ይላቸዋል። በየዓመቱ የሚሰጣቸው ድጎማ ለኩራት አይደለም። ተተኪ እንዲያሠለጥኑበት ነው። ፈረንሳይ በ1994 ለእደ ጥበብ ሊቃውንት ማዕረግ ስታቋቁም ማዕረጉን ከአንድ ተማሪ ጋር አሰረችው፤ ሊቁ ተማሪውን ለሦስት ዓመት ያስተምራል፣ መንግሥት ይደግፋል። ተማሪ የሌለው ሊቅ አይባልም ማለት ነው። በጃፓን ያለውን የኢሴ ቤተ መቅደስን ደግሞ ተመልከቱ። በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ልማዱ ከ7ኛው መቶ ዘመን ይጀምራል፣ በጦርነት የተቋረጠበት ዘመን ቢኖርም። የመጨረሻው በ2013 ነበር። ሕንፃው አርጅቶ ብቻ አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜው መዶሻ ያቀበለ አናጺ በአርባዎቹ ራሱ ይሠራል፣ በስድሳዎቹ ሌላውን ይመራል። 20 ዓመት የእንጨት ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይህን ያህል ባላስገረመን ነበር። የሰው ዕድሜ ነው የተሰላው ብለን እናምናለን።

ዩኔስኮ በ2003 ያጸደቀው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነትም የእጅ ሙያን ከዘረዘራቸው አምስት መስኮች አንዱ አድርጎታል። ጥበቃ ሲል መመዝገብንና ማስተዋወቅን ብቻ አላለም። ከትውልድ ወደ ትውልድ ማስተላለፍን ብሎ ነው የጻፈው። መመዝገብና ማስተዋወቅን እናንተ በደንብ ይዛችኋል፤ ይህን አንክድም። ማስተላለፉ ጋ ስትደርሱ ነው ገጹ ያለቀው።

ወደ ማዕከሉ የመዛወሩን ጉዳይ ባጭሩ እናልፈዋለን፤ አንድ ነገር ብቻ። የሸክላ አፈራችንን የምንቆፍርበት ቦታ ላይ ለማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ ተሠራበት። አዎ፣ ሸክላ ሊያዩ ለሚመጡ ሰዎች መኪና ማቆሚያ። ስንጠይቅ «አፈር የትም አለ» ተባልን። አፈር የትም አለ፤ ይህ አፈር ግን የትም የለም። እጃችን የሚያውቀው እሱን ነው። የገል መጠኑን፣ የማድረቂያ ጊዜውን፣ የእሳቱን ልክ የተማርነው በዚያ አፈር ነው። አሁን ከሌላ ቦታ በጭነት መኪና የሚመጣው ሌላ ባሕርይ አለው፤ መጀመሪያ እሳት ላይ ስናወጣው ብዙው ተሰነጠቀብን። የ2003ቱ ስምምነት አንቀጽ 14 እንዲህ ያለው ቅርስ ለመኖር የሚያስፈልጉትን የተፈጥሮ ቦታዎች ስለመጠበቅ ሕዝብ እንዲያውቅ ይደረግ ይላል። እኛ ለማሳወቅ ሞክረናል። አስፋልቱ ግን ቀደመን።

ሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አንዲት ሸማኔ ለቤተሰቧ ብቻ የምትሠራው፣ ለገበያ ወጥቶ የማያውቅ ጥለት አላት። ማዕከሉ ሲከፈት ጥለቱን በራሪ ወረቀት ላይ፣ በቦርሳ ላይ፣ በቡና ስኒ ላይ ታትሞ አየችው። ፎቶውን ያነሳው ሠራተኛ «ለመዝገብ ነው» ብሏት ነበር። እሷ የጠየቀችው ገንዘብ አይደለም፤ ከቦርሳው ላይ እንዲነሳላት ነው። እስካሁን አልተነሳም። እዚያው ስምምነት ውስጥ አንድን ቅርስ ማን ያያል፣ ማን ይነካል የሚለውን የባለቤቶቹን ልማድ ማክበር እንደሚገባ ተጽፏል። በ2015 የወጡት 12 የሥነ ምግባር መርሆችም የማኅበረሰቡን በነፃነት፣ አስቀድሞና አውቆ የሚሰጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አስቀድሞ የሚለውን ቃል ብታሰምሩበት ደስ ይለናል።

ስለ ማዕከሉ ሱቅ ብዙ አንልም፤ ገብታችሁ ዕዩት። ጎብኚው እጁን ታጥቦ የሚወጣው በሱቁ በኩል ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዕቃዎች ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት ግን ተለጥፎባቸዋል። የኢንዶኔዢያ ባቲክ ሠሪዎች ይህን ችግር ያውቁታል። በእጅ የሚሠራው ባቲክ ጥለቱ በቀለጠ ሰም ተስሎ፣ ጨርቁ ተነክሮ፣ ሰሙ ወጥቶ፣ ለቀጣዩ ቀለም እንደገና ሰም ተቀብቶ ነው የሚያልቀው። በማሽን የታተመው ጨርቅ ሰም አላየም፤ ከሩቅ ግን ይመሳሰላል። ባቲክ በ2009 በዩኔስኮ ዝርዝር ሲገባ በዚያው ዓመት በፔካሎንጋን ከተማ የባቲክ ሙዚየም ለተማሪዎች የሚሰጠው ሥልጠናም በመልካም ተሞክሮነት ተመዘገበ። ሙያውን ከመዘርዘር ጋር ማስተማሩን አብረው ነው ያቀረቡት። አሜሪካም በ1990 ባወጣችው ሕግ የነባር ሕዝቦች ሥራ ያልሆነን ዕቃ የእነሱ ነው ብሎ መሸጥን ወንጀል አድርጋለች። እኛ ሕግ እስኪወጣ አንጠብቅም። ወረቀቱን ማንሳት ብቻ ነው የሚፈለገው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሥልጠናም ተሰጥቶናል፤ እንዳንረሳው። ሁለት ቀን ሙሉ «ልምድን እንዴት እንደሚሸጡ» አንድ አማካሪ አስተማረን። ስለ ጭቃ አያውቅም፤ እንዳለማወቁ ግን ብዙ አወራ። እጃችን ላይ ያለውን ሙያ ለእኛው በስላይድ አሳየን። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው።

በ2020 የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ወረርሽኙ ሲመጣ በዓለም የጎብኚው ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። የእኛም በር ጭር አለ። ያን ጊዜ ያተረፈን ምንድን ነው? የሠፈሩ ገዢ ነው፤ ማሰሮ የሚሰበርበት፣ ጨርቅ የሚያልቅበት ሰው። ለእሱ የምንሠራው ዕቃ እሳት ያየ፣ የጠነከረ ነው። አሁን ጊዜያችን ሁሉ ማዕከሉ ውስጥ ስለሚያልቅ ለእሱ መሥራት አቁመናል። እሱም ወደ ፕላስቲክ ዞሯል። ነገ ጎብኚ ቢቀር የሚያተርፈን ሰው የለም።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። አንዳንዶቻችን ሙያችንን ከልጆቻችን ሌላ ለማንም አናስተምርም ብለን ዓመታት አባክነናል። ልጆቻችን ደግሞ ሌላ ሥራ መረጡ። አንዳንዶቻችን ተለማማጅ ስንቀበል ከማስተማር ይልቅ ውሃ እያስቀዳን፣ ማገዶ እያስለቀምን ጊዜያቸውን ጨርሰናል። ማዕከሉ ከመከፈቱ በፊትም ገንዘቡ ጥሞን ትምህርቱን ያሳጠርን አለን። ሁለት ቀን የነበረው ግማሽ ቀን ሲሆን ማንም አላስገደደንም። እናንተ የጀመራችሁት ከኛ ያያችሁትን ሊሆን ይችላል። ሆኖም የአንድ ሰው ስንፍና እና የመሥሪያ ቤት መመሪያ እኩል አይደሉም። የአንዱ ስንፍና ከሱ ጋር ያልፋል። መመሪያ ግን ሰነፉንም ትጉሁንም አንድ ልክ ያለብሳል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የተለማማጆች ድጋፍ ከዚህ የበጀት ዓመት ጀምሮ ይመለስ። ከጎብኚ ከሚሰበሰበው የትምህርት ክፍያ ላይም የተወሰነ ድርሻ በቀጥታ ለተለማማጅ ይመደብ፤ ድርሻው ስንት ይሁን የሚለውን አብረን ተቀምጠን እንወስናለን። ለእኛ ክፍያ ጨምሩልን እያልን አይደለም።

የአንድ ሰዓት ገደቡ ይነሳ። አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ጎብኚ ይምጣ፤ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ግን ተመልካች ነው እንጂ ተማሪ አይባል። መማር የሚፈልግ በየሙያው በቂ ቀን ይሰጠው፤ ቀኑንም ሙያተኛው ይወስን። ሸክላ ሊማር የመጣ ሰው ደግሞ ያልተተኮሰ ዕቃ ይዞ አይሂድ።

ትምህርቱ ወደየሥራ ቦታችን ይመለስ። ማዕከሉ ባዶ ይቅር አላልንም። እንግዳ መቀበያ፣ ኤግዚቢሽን፣ መረጃ መስጫ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ በቂና ጥሩ ሕንፃ ነው። ሌላው ቢቀር ግቢው ውስጥ ከሕንፃው ራቅ ያለ አንድ እቶን ይፈቀድ። የእሳት አደጋ ባለሙያ ይምጣና ቦታውን ያሳየን፤ እንታዘዛለን።

የአፈር ቦታችን ካልተሠራበት ከቀረው ግማሽ ላይ መቆፈሪያ ይከለልልን። የተሠራበትን አፍርሱ አንልም፤ የቀረው ግን አይነካ።

የሸማኔዋ ጥለት ከቦርሳውና ከስኒው ላይ ይነሳ፤ ይቅርታም በጽሑፍ ይጠየቅላት። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ጥለት፣ ዜማ ወይም የአሠራር ምስጢር ከመታተሙ በፊት ባለቤቱ በፊርማው ይፍቀድ። እምቢ ካለ እምቢ ነው።

ሱቁ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ የትና በማን እንደተሠሩ ይጻፍባቸው። የፋብሪካ ዕቃ ይሸጥ፤ ፋብሪካ ተብሎ ይሸጥ።

የሪፖርት ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ በዚህ ዓመት ሥራ ላይ ያሉ ተለማማጆች ብዛት። ይህ መስመር ለሁለት ዓመት ዜሮ ከሆነ ፕሮጀክቱ በስሙ ላይ «ቅርስ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም እንጠይቃለን።

በመጨረሻም ስለኛ የሚወሰን ነገር ሲኖር ከየሙያው የተመረጠ አንድ አንድ ሰው ድምፅ ይዞ ይቀመጥ። በታዛቢነት አይደለም፤ ድምፅ ይዞ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ልትጎበኙን ከመጣችሁ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ማታ ኑ። አዛውንቱ እቶናቸውን በዚያ ቀን ሊያነዱ ነው። አራተኛዋ ተለማማጃቸው ለአንድ ሌሊት ብቻ እንደምትመለስ ነግራናለች።

ከሰላምታ ጋር፣

የሸክላ፣ የሽመና፣ የእንጨትና የቅርጫት ሥራ ባለሙያዎች ተወካይ፤
ሸክላ ሠሪና አስተማሪ